ብርቅ የሚባሉት የአፈርና የውሃ ባክቴሪያዎች፦ ድሬና ሐረር ላይ ማን ቆጥሯቸው ነው ብርቅ የሆኑት?

በየክረምቱ "ስጋ በሊታ ባክቴሪያ" የሚል ቪድዮ ቲክቶክ ላይ ይዞራል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ምናምን ባህር ውስጥ የዋኘ ሰውዬ እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረችው፣ በሁለት ቀን ውስጥ እግሩ ተቆረጠ ወይ ሞተ፣ ከዛ ድሬ ያለ ሰው ሁላ ለዘመድ ለወዳጅ ፎርዋርድ ያደርገዋል። ባክቴሪያው ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ይባላል፣ ነገሩም ውሸት አይደለም፣ ግን የሚኖረው ሞቅ ያለ ጨዋማ የባህር ዳር ውሃ ውስጥ ነው። ጅቡቲ ወርዶ ለሚዋኝ ሰው ያሳስበው ይሆናል፣ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ግን ጨው ቀርቶ አብዛኛውን ጊዜ ውሃም የለው አቦ።

እኔን የሚያበሳጨኝ የሩቁን እየተቀባበልን የቅርቡን አለማየታችን ነው። ከአፈርና ከውሃ ወደ ሰው የሚገቡ ባክቴሪያዎች እኛ ደጅም አሉ፣ ከእሾህ ጋር ሊገቡ ይችላሉ፣ በሻወር ብናኝ ሊገቡ ይችላሉ፣ በቆሸሸ መርፌም ይገባሉ። የሕክምና መጽሐፍ ላይ አብዛኛዎቹ "ብርቅ ኢንፌክሽን" ተብለው ነው የሚጻፉት። ብርቅ ሲባል ግን ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ በእውነት ጥቂት ሰው ስለሚይዝ ነው፣ ሌላው ደግሞ ማንም ስላልመረመረው ነው። እኛ ጋ ብዙዎቹ ሁለተኛው አይነት ናቸው ባይ ነኝ፣ ለምን እንደዛ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ነገርየውን እናጥራ። የቲቢና የታይፎይድ ባክቴሪያ ኑሮው ሰው ላይ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው የሚቆየው፣ ሰው ከሌለ እሱም የለም። የአካባቢ ባክቴሪያ የሚባሉት ግን እኛን አይፈልጉንም። አፈር ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል እየበሉ፣ ቧንቧ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው የራሳቸውን ኑሮ ይኖራሉ፣ በየቀኑ እንነካቸዋለን፣ እንተነፍሳቸዋለን፣ ምንም አንሆንም። የሚያሳምሙን መንገድ ሲከፈትላቸው ነው፣ ወይ ቆዳ ሲበሳ፣ ወይ የውሃ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ፣ ወይ ሰውየው ስኳር ወይ ኤችአይቪ ኖሮበት ወይም የካንሰር መድሀኒትና ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ወስዶ የመከላከል አቅሙ ሲዳከም። ለዚህ ነው አብዛኛዎቹ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፉት፣ አስታማሚ አይፈራም፣ ኳራንቲን የለም። ክፋታቸውም ግን ከዚሁ ይመጣል፣ ሰውን ሁላ አክመህ ብትጨርስ እንኳን አፈሩ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁሃል። አባ ሰንጋን የሚያውቅ ይሄ አይከብደውም፣ የሞተ ከብት የተጣለበት ቦታ ላይ ስፖሩ፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የተኛው ባክቴሪያ፣ ለአስርት አመታት ይቆያል። ሩስያ ያማል የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2016 (ከደቻቱ ጎርፍ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው አመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሙቀት መጥቶ በረዶው ሲቀልጥ አባ ሰንጋ ተነስቶ ከ2000 በላይ አጋዘን ጨረሰ፣ የ12 አመት ልጅም ገደለ፣ እዛ አካባቢ ከ1941 ወዲህ ታይቶ አያውቅም ነበር። 75 አመት ማለት ነው።

ሌላው ሰው ብዙ የማያስበው ነገር፣ የምንውጣቸው አንቲባዮቲኮች ግማሹ የተገኙት ከነዚሁ ከአፈር ባክቴሪያዎች ነው። የመጀመሪያው የቲቢ መድሀኒት ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው የተገኘው። አፈር ውስጥ እርስ በርስ በመርዝ ሲገዳደሉ ነው የኖሩት፣ እና ብዙዎቹ ፋርማሲ ያለውን መድሀኒት ሲወለዱ ጀምሮ የሚቋቋሙበት መንገድ አላቸው። እኛ መድሀኒት አላግባብ ስለወሰድን የመጣ መላመድ አይደለም ይሄ፣ ከኛ በፊት የነበረ ነው። ስለዚ "የጀርም መድሀኒት ስጠኝ" ብሎ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መሞከር እዚ ጋ ከሌላው ቦታ በባሰ ሁኔታ አይሰራም።

አሁን ወደ እሾሁ እንምጣ፣ ምክንያቱም ለኛ አካባቢ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ከድሬ ወጣ ብላችሁ ወደ መልካ ጀብዱ ወይ ወደ ሽንሌ ብትሄዱ፣ ከሐረር ደግሞ ወደ ባቢሌና ኤረር ብትወርዱ መሬቱ በሙሉ እሾህ ነው፣ ግራሩ አለ፣ ፕሮሶፒሱ አለ፣ ፍየልና ግመል የሚጠብቀው ልጅ ደግሞ በነጠላ ጫማ ወይ በባዶ እግሩ ነው። እሾህ ይወጋዋል፣ ነቅሎ ይጥላል፣ ይረሳዋል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከአመታት በኋላ እግሩ ላይ ጠንከር ያለ እብጠት ይወጣል። አያምም። ዋናው ችግር ይሄ አለማመሙ ነው፣ የሚያም ቢሆን ሰው ቶሎ ይታከም ነበር። እብጠቱ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ከዛ ላዩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ አንዱ ሲደፈን ሌላው ይከፈታል፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ፈሳሹን በንጹህ ጨርቅ ጠርጋችሁ ብርሃን ላይ ብታዩት እንደ አሸዋ ቅንጣት ያሉ ነገሮች አሉበት፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ነጭ ወይ ቀይ። እያንዳንዷ ቅንጣት ተጨብጦ የተቀመጠ የባክቴሪያ ወይ የፈንገስ ስብስብ ነች። በሽታው ማይሴቶማ ይባላል፣ የማዱራ እግርም ይሉታል፣ ህንድ ማዱራይ አካባቢ ስለታየ። ካልታከመ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል።

የቅንጣቷ ቀለም ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የሰውየውን እግር የሚወስነው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጥቁር ከሆነ ፈንገስ ነው። ቢጫ ወይ ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው፣ ነጭ ከሆነ ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል ናሙና ተቆርጦ መታየት አለበት። የባክቴሪያው አይነት ኮትሪሞክሳዞል ለወራት ተወስዶ፣ አስፈላጊ ሲሆን አሚካሲን የሚባል መርፌ ተጨምሮበት (መርፌው ጆሮና ኩላሊት ስለሚጎዳ ክትትል ይፈልጋል) አብዛኛው ሰው ይድናል፣ እግሩም ይተርፋል። ኮትሪሞክሳዞል ማለት ያው ባክትሪም የምንለው ነው፣ በየፋርማሲው ያለ ርካሽ መድሀኒት። የፈንገሱ አይነት ግን አንድ አመትና ከዛ በላይ ኢትራኮናዞል ተውጦ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ የሚድነው ከግማሽ በታች ነው፣ መድሀኒቱም ውድ ነው። እና አስቡት፣ ሁለት ሰው አንድ አይነት እግር ይዞ ይመጣል፣ አንዱ በርካሽ ክኒን የሚድን ነው፣ ሌላው አይደለም፣ በአይን ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል፣ ናሙናውን አይቶ የሚለይ ፓቶሎጂስት ከሌለ ሁለቱም ወደ መቆረጥ ነው የሚሄዱት። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የመጀመሪያው ሰውዬ ነው።

ቢጫ ቅንጣት ከሚያወጡት ዋናው ስትሬፕቶማይሲስ ሶማሊየንሲስ ነው፣ ቅድም ያልኩት የስትሬፕቶማይሲን ምንጭ ዘመድ። ስሙ ላይ እንደምታዩት በኛው ቀንድ ነው የተሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸው ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት ነው፣ ይሄ ሰውዬ ከዛ በፊት ከ1901 ጀምሮ ከዱ ቡር ደ ቦዛ የጉዞ ቡድን ጋር ሆኖ በሐረር በኩል አድርጎ ኢትዮጵያን አቋርጧል። ያኔ ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም፣ ባቡሩ የደረሰው በ1902 ነው። ማለት የፈለኩት ከተማችን ከመወለዷ በፊት ይሄ አገር ላይ የነበረ በሽታ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ትኩረት የተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና በ2016 ነው። በሽታው የሚበዛበት ቀበቶ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 15 ዲግሪ እስከ በስተሰሜን 30 ዲግሪ ይላሉ፣ ሱዳን አለችበት፣ ሶማሊያ አለችበት፣ እኛም መሀል ላይ ነን።

እና የኛ ሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ ወጌሻው ያሸዋል። ከዛ ጸበል ወይ ሼኹ ጋ። ከዛ ክሊኒክ፣ ክሎክሳሲሊን ለአንድ ሳምንት። አልሄደም ሲባል "ዝሆኔ ነው" ይባላል፣ ዝሆኔ ግን ሌላ ነው፣ በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለአመታት በመሄድ የሚመጣው ባክቴሪያም የለውም፣ ቅንጣትም አያወጣም፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ነው የሚይዘው። ከዛ ራጅ ይነሳል፣ አጥንቱ ተበልቷል፣ "የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል" ተብሎ የቲቢ መድሀኒት ይጀመራል፣ ወይ ካንሰር ተብሎ ሪፈር ይጻፋል፣ በዚ መሀል አመታት ያልፋሉ። ሐኪሙን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፣ ቀኑን ሙሉ ወባና ደንጊ የሚያይ ሰው ማይሴቶማን የት አይቶት ያስታውሰው።

ሱዳን ትሻል ነበር እኮ። ካርቱም ውስጥ በ1991 የተቋቋመ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ነበር፣ ፕሮፌሰር አህመድ ፋሀል የሚመሩት፣ በዓለም ላይ ይሄን በሽታ በተመለከተ እንደሱ የሚጠቀስ ቦታ አልነበረም፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አዲስ የፈንገስ መድሀኒት የተሞከረውም እዛው ነው። ጦርነቱ በ2023 ተነሳ፣ ማዕከሉ ወደመ፣ የአስርት አመታት መረጃና ናሙና አብሮ ጠፋ። ይሄ ዜና በ2025 ሲወጣ እኛ ሀገር ብዙም የተወራለት አይመስለኝም፣ ለኛ ግን ከፍሎሪዳው ሰውዬ እግር ይልቅ የሚቀርበን እሱ ነበር፣ ጎረቤት ሀገር የነበረው ትልቁ እውቀት ነው የተቃጠለው።

ላብራቶሪ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሜሊዮይዶሲስን ይይ። ይሄኛው በርክሆልዴሪያ ሱዶማላይ የሚባል የሞቃት አገር የአፈርና የጭቃ ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፣ መጀመሪያ የታየው በርማ ራንጉን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1911 አካባቢ ነው፣ ዛሬ የሚታወቀው በታይላንድና በሰሜን አውስትራሊያ ነው። መልኩ ይለዋወጣል፣ አንዱ ላይ የሳንባ ምች ይመስላል፣ ሌላው ላይ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ መግል ይቋጥራል፣ ሌላው ላይ ክብደት እየቀነሰ ለወራት የሚያስለው ቲቢ ይመስላል። ስኳር ያለበት ሰው ዋነኛው ተጠቂ ነው። በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በአመት 165,000 ሰው እንደሚይዝና 89,000 እንደሚገድል ገምቷል፣ ያውም ሪፖርት ከሚደረግባቸው ሀገሮች በተጨማሪ ባክቴሪያው ሳይኖርባቸው አይቀርም ግን ሪፖርት የማያደርጉ ብዙ ሀገሮች አሉ ብሎ፣ አብዛኞቹም አፍሪካ ውስጥ ናቸው።

አውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ ከ1989 ጀምሮ እያንዳንዱን ታማሚ መዘገቡ፣ መጀመሪያዎቹ አምስት አመታት ላይ ከታመመው 31 በመቶው ይሞት ነበር፣ ከ30 አመት በኋላ 6 በመቶ ደረሰ። ታይላንድ ገጠር ውስጥ ደግሞ በዚሁ ባክቴሪያ እስከ 40 በመቶ ይሞታል። ባክቴሪያው ያው ነው፣ መድሀኒቱም ያው ነው፣ ሴፍታዚዲም በደም ስር ቢያንስ ለአስር ቀን፣ ከዛ ኮትሪሞክሳዞል ለሶስት ወር። ልዩነቱ ዳርዊን ላይ ቶሎ ካልቸር መደረጉ (ናሙናውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ማየት ማለት ነው)፣ ቶሎ መታወቁና ጽኑ ህሙማን ክፍል መኖሩ ነው። እኛ ጋ በሽተኛው ትኩሳት ይዞ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ሴፍትራያክሶን ነው፣ ለብዙ ነገር ጥሩ መድሀኒት ነው አልክድም፣ ለዚህኛው ግን ደካማ ነው፣ ጄንታማይሲን ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ካልቸር ተደርጎ ቢበቅል እንኳን የማያውቀው ላብ ቴክኒሻን "ሱዶሞናስ" ወይ "ኮንታሚኔሽን" ብሎ ጽፎ ሳህኑን ይጥለዋል፣ ይሄ በተለያዩ ሀገራት በተደጋጋሚ የተመዘገበ ነገር ነው። ቆሻሻ ገብቶ ነው ተብሎ የተጣለው ራሱ በሽታው ነበር ማለት ነው።

አንድ የሚገርም ኬዝ ልጨምር። በ2021 አሜሪካ ውስጥ አራት የተለያዩ ስቴቶች ላይ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አራት ሰዎች በዚህ ባክቴሪያ ተያዙ፣ ሁለቱ ሞቱ፣ ከሞቱት አንዱ ልጅ ነበር። አንዳቸውም ባክቴሪያው ወዳለበት ሀገር አልሄዱም። በመጨረሻ የተገኘው ቤት ውስጥ የሚረጭ የሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ ከህንድ የመጣ። ጂኖሙን አነጻጽረው ነው የደረሱበት። አሁን ደግሞ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳችሁ ስንት አይነት ስሙ የማይነበብ ሽቶና ስፕሬይ እንዳለ እዩ፣ መቼም ከየት እንደመጣ ሻጩም አያውቅ። ሽቶ አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ ሚስቴ ትገለኛለች፣ ግን "እኛ ጋ የለም" የሚለው ነገር በኮንቴይነር ዘመን ብዙ አያስተማምንም።

ወደ ውሃው። ሐረር የሐረማያ ሀይቅ ከደረቀ ጀምሮ ውሃዋን ከድሬ በኩል ነው የምታስመጣው፣ ሰው በፈረቃ እየጠበቀ በበርሜል በጀሪካን ማጠራቀም ልማድ ሆኗል፣ ድሬ ላይም አቅም ያላት ቤት ሁሉ ጣራዋ ላይ ሮቶ አላት። ሳቢያን ያለ አንድ ጓደኛዬ ሮቶውን ሲያጥብ አብሬው ጣራ ላይ ወጥቼ ነበር። ክዳኑ በንፋስ ከሄደ ቆይቷል፣ በቆርቆሮ ነው የተሸፈነው። ውሃው ተቀድቶ ሲያልቅ ታች የቀረው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዝቃጭ ነው፣ ግድግዳው በእጅ ሲዳሰስ ያዳልጣል፣ ያ የሚያዳልጠው ነገር ባዮፊልም ይባላል፣ ባክቴሪያ የሰራው ቤት ነው። ጓደኛዬ "ስንት አመት ጠጣነው" ብሎ ሳቀ። በሰባት ሰአት ፀሀይ ላይ ደግሞ ከሮቶው የሚመጣው ሻወር ማሞቂያ ሳይኖረው ያቃጥላል፣ ድሬ የኖረ ያውቀዋል።

ለምን ይሄን አወራሁ፣ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚስማማው ልክ እንደዚህ ያለ ቦታ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለ ለብ ያለ፣ የቆመ፣ ዝቃጭ ያለው ውሃ ይመቸዋል። በመጠጣት አይደለም የሚይዘው፣ ውሃው ሲረጭ፣ ሻወር ሲከፈት፣ ብናኙ ሳንባ ሲገባ ነው። የታወቀው በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ታመው ነው፣ 221 ሰው ታሞ 34 ሞተ፣ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ አመት ፈጀ፣ ለዛ ሁሉ የአሜሪካ ላብራቶሪ። የሚያመጣው ከባድ የሳንባ ምች ነው፣ ሽማግሌዎችን፣ አጫሾችንና ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎችን ይበልጥ ይጥላል፣ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር አሞክሳሲሊንም ሴፍትራያክሶንም አይነኩትም። አዚትሮማይሲን ግን ይሰራል። ሆስፒታል ለገባ የሳንባ ምች በሽተኛ ሴፍትራያክሶንና አዚትሮማይሲን አብረው ሲሰጡ አይታችሁ ይሆናል፣ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እና አንድ የድሬ ሽማግሌ በሌጂዮኔላ ታሞ አዚትሮማይሲን ተሰጥቶት ቢድን "ኒሞኒያ ነበር፣ ዳነ" ይባላል፣ ካርዱ ላይ ሌጂዮኔላ የሚል አይጻፍም፣ በሚቀጥለው አመት ሪፖርት ላይም በሽታው አሁንም የለም።

የቲቢ ዘመዶችም አሉ፣ ቲቢ ያልሆኑ ማይኮባክቴሪያዎች የሚባሉት፣ ውሃና አፈር ውስጥ የሚኖሩ። ክሎሪን ብዙም አይበግራቸውም፣ ቧንቧ ውስጥ አመታት ይቆያሉ። አክታ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከቲቢ አይለዩም፣ ሁለቱም ቀይ በትር ሆነው ነው የሚታዩት። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢን ጂን የሚፈልግ ማሽን የመጣው ጊዜ አንድ ጥሩ ነገር አመጣ፣ በማይክሮስኮፕ ፖዘቲቭ ሆኖ በጂን ኤክስፐርት ኔጌቲቭ የሚሆን ሰው ሲገኝ እነዚህን መጠርጠር ይቻላል። የቲቢ መድሀኒቱን ጨርሶ ያልዳነ ሰው ሁሉ "መድሀኒት የተላመደ ቲቢ" አይደለም፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ ቲቢ አልነበረም። ከነዚሁ ዘመዶች አንዳንዶቹ ደግሞ በመርፌ ይገባሉ፣ መርፌው ወይ መድሀኒቱ የተበጠበጠበት ውሃ ንጹህ ካልሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ ቂጥ ወይ ክንድ ላይ መግል ይቋጥራል፣ ይከፈታል፣ አይደርቅም፣ በተለመደው አንቲባዮቲክ አይሄድም። ሰፈር ውስጥ "መርፌ ይወጋል" የሚባል ሰው ጋ ቫይታሚን ለመወጋት የሚሄድ ሰው ይሄን ቢያስብበት አይከፋም።

ሐምራዊውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፣ ክሮሞባክቴሪየም ቫዮሌሲየም፣ የሞቃት አገር ወንዝና ጭቃ ውስጥ ያለ። ሳህን ላይ ሲበቅል ቀለሙ ቁልጭ ያለ ሐምራዊ ነው፣ ያየ ሰው አይረሳውም። በእውነት ብርቅ ነው ይሄኛው፣ መጀመሪያ ሰው ላይ የታየው ማሌዥያ ውስጥ በ1927 ነው፣ ከዛ ወዲህ በሕክምና መጽሔት የወጡት ኬዞች በመቶዎች ነው የሚቆጠሩት፣ ግን የያዘው ሰው ቶሎ ካልታወቀ ብዙ ጊዜ አይተርፍም፣ ከትንሽ ጭረት ተነስቶ ደም ውስጥ ይገባና በቀናት ውስጥ ጉበትና ሳንባ ላይ መግል ይቋጥራል። ፔኒሲሊንና የሴፍትራያክሶን ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይነካዋል። አሁንም ጥያቄው ያው ነው፣ ሳህኑን ያየው አለ ወይ።

በሌላ በኩል ደግሞ በእውነት የተሸነፈ የአፈር ባክቴሪያ ማየት የሚፈልግ መንጋጋ ቆልፍን ይይ። ቴታነስ አፈር ውስጥ በየቦታው አለ፣ ድሬም አለ፣ ጀጎል ውስጥም አለ፣ ከእምብርት መቁረጫ ምላጭ ጋር ገብቶ ስንት አራስ ልጅ ጨርሷል። ባክቴሪያው ከአፈሩ አልጠፋም፣ እናቶች ተከተቡ፣ ወሊድ ንጹህ ሆነ፣ ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ህጻናት ቴታነስን ከጤና ችግርነት ማስወገዷ በ2011 ተረጋገጠ፣ ሶማሌ ክልል ቀርቶ ነበር፣ እሱም በ2017 ተጨመረ። ይሄ ተቆጥሮ፣ ተከትቦ፣ ተረጋግጦ የመጣ ብርቅነት ነው። ያም ሆኖ ክትባቱ ካልተደገመ ተመልሶ ይመጣል፣ ጎርፍ ሲመጣ በተለይ። የ2004ቱ ሱናሚ ኢንዶኔዥያ አቼ ላይ ባለፈ በአንድ ወር ውስጥ ከ100 በላይ የቴታነስ ታማሚ ተመዝግቧል፣ ሜሊዮይዶሲስም አብሮ ታይቷል፣ ጭቃ የዋጠ ሳንባና በቆርቆሮ የተቆረጠ እግር ለአፈር ባክቴሪያ የተከፈተ በር ስለሆነ። እኛም በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1998 ለሊት ደቻቱ ምን እንዳደረገን እናውቃለን፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ከጎርፍ በኋላ ሁሉም የሚያስበው ኮሌራና ወባ ነው፣ ልክ ነው ይታሰብ፣ ግን ጭቃ ውስጥ የቆሰለ ሰው ቁስሉ በደንብ ታጥቦ የቴታነስ ክትባት ቢደገምለት ርካሽ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚል ሰው፣ እኔ ሐኪም ቤቱን እገነባለሁ ማለት አልችልም። ተራ ሰው ሊያደርገው የሚችል ነገር ግን አለ። ሮቶ ክዳን ይኑረው፣ በአመት ሁለቴ ይታጠብ፣ ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ከቆየ ደግሞ ሻወሩን ከፍተህ ውጣና ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ እንጂ ወዲያው ስሩ አትቁም። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ አይግባ። የማያም እብጠት እግር ላይ ወጥቶ ቀዳዳ ካበጀና ቅንጣት ካወጣ አታሻሹት፣ ንጹህ ፋሻ አስራችሁ አሳድሩበት፣ ጠዋት ቅንጣቷ ፋሻው ላይ ትገኛለች፣ ከነፋሻው ይዛችሁ ሂዱና "ባዮፕሲ ይደረግልኝ፣ ፈንገስ ነው ባክቴሪያ ነው ይለይልኝ" በሉ፣ ከድሬ ካልተቻለ ወደሚቻልበት ሪፈር ይጻፍ።

ከባድ ትኩሳት ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። የደም ካልቸር የሚወሰደው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት ነው፣ አንዴ መድሀኒት ከገባ ጠርሙሱ ውስጥ የሚበቅል ነገር የመገኘት እድሉ ይወርዳል። ፋርማሲ ጎራ ብሎ ሁለት ቀን የሆነ ነገር ውጦ ከዛ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ይሄን እድል ራሱ ነው የሚያበላሸው፣ የዋጠውን የክኒን ማሸጊያ እንኳን ይዞ ይሂድ። በሽተኛው ጠና ብሎ ከሆነ ሐኪሙ ውጤቱን አይጠብቅም፣ መጠበቅም የለበትም፣ ደሙን ቀድቶ ወዲያው ያክማል፣ ውጤቱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል፣ የማይኮባክቴሪያ ከሆነ ሳምንታት። ሐኪሙ ሳይጠይቅህ በፊት ደግሞ ስራህን ንገረው፦ ግመል ነው የምጠብቀው፣ ጉድጓድ ነው የምቆፍረው፣ መስኖ ውስጥ ነው የምውለው፣ ከሶስት ወር በፊት እሾህ ወግቶኝ ነበር፣ ስኳር አለብኝ፣ ባለፈው ሳምንት ሮቶ ውስጥ ገብቼ ሳጥብ ነበር። ይሄ ነገር የላብ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ከተጻፈ ሳህኑን የሚያየው ልጅ ለየት ያለ ነገር ሲበቅልበት ኮንታሚኔሽን ነው ብሎ ከመጣሉ በፊት ደግሞ ያየዋል።